ስግደቱ የእኔ፣ ትልሙ የእሱ

በዚያ ሰኔ ጉልበቴ ባይጠማዘዝ ኖሮ፣ ዛሬም የሰው ኃጢአት ተሸክሜ ከደብር ደብር ስዞር ታገኙኝ ነበር። ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር የምዞረው። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ቤት ረግቼ መቀመጥ አልሆነልኝም። ሐሙሲት ካለችው ልጄ ዘንድ ትንሽ እሰነብታለሁ፤ ደብረ ታቦር ካለው ልጄ ዘንድም ትንሽ። በተረፈው ጊዜ ንግሥ ካለበት አልጠፋም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ የማውቀው በጆሮዬ የገባውን ነው። ይህንንም ከአፌ እየተቀበለች የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። ሰው ግን ያከብረኝ ነበር፤ ምክንያቱም እሰግዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ንስሐ ሲገባ የነፍስ አባቱ ቀኖና ይሰጡታል፤ ይህን ያህል ጹም፣ ይህን ያህል ስገድ ይሉታል። አንዱን ወገቡን ያመዋል። ሌላው ሱቁን የሚጠብቅለት የለም። አንዷ ልጅ ታጠባለች። እኔ ደግሞ ምን ጊዜም ወደ ደብር መንገደኛ ነኝ። እናም ሰው ይመጣና፣ እማማ ባንቺ፣ እርስዎ መሄድዎ እንደሆነ አይቀር፣ የእኔንም አብረው ቢሰግዱልኝ ይለኛል። እሺ እላለሁ። ሳንቲም ተቀብዬ አላውቅም። ኃጢአታቸውንም አልጠይቅም፤ የሚነግሩኝ ቁጥሩን ብቻ ነው። ከቁጥሩ ግን የሰውየውን ክፋት እገምታለሁ፤ ቁጥሩ የበዛበትን ሰው መንገድ ላይ ሳገኘው ከሌላው ይልቅ አዘንብዬ ሰላም እለዋለሁ። ለራሴ የሚሆን ኃጢአት አልነበረኝም። ጊዜውስ ከየት ይመጣል?

በየዓመቱ የማይቀርብኝ ሞላ ነበር፤ የሟች ወንድሜ ልጅ። ደብረ ታቦር ሱቅ አለው፤ ጋፋት በኩል ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን መሬት ራሱ ያርሳል። ሞላ ክፉ ሰው አይደለም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ ለታመመ ሰው ስኳር ሳይዝ አይሄድም። ከሚስቱ ጋር በቁርባን ነው የተጋቡት፤ በየዓመቱ የሰኔ ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ አምስት ቀን፣ አብረው ይቆርባሉ። ታዲያ ከዚያ በፊት ንስሐ ይገባል፣ ቀኖናውን ይቀበላል፣ ለእኔ ያመጣዋል። ምን ጊዜም በሰኔ፣ ምን ጊዜም ያው ቁጥር። ይህን ልጅ አንዲት ኃጢአት ይዛዋለች፣ ታግሎ ሊጥላት አልቻለም እያልኩ አዝንለት ነበር።

በዚያ ዓመትም ቁጥሩን ነገረኝ። በማግስቱ ማለዳ ተነሥቼ፣ ከጋፋት ወዲያ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን መንገድ ጀመርኩ። ልጄ ቤት መስገድ አይመቸኝም፤ የልጅ ልጆቼ ከኋላዬ ተሰልፈው አብረውኝ ይወድቃሉ፣ አብረውኝ ይነሣሉ፣ ሲሳሳቁ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።

ሌሊቱን ዝናብ ሲያወርደው ነው ያደረው። በሞላ ማሳና በጎረቤቱ ማሳ መካከል የምታልፍ ቀጭን የእግር መንገድ ነበረች፤ ስደርስ የለችም። ታርሳለች። አዲስ የተገለበጠ፣ ውኃ የጠጣ ጥቁር አፈር ብቻ። ይህን መንገድ ማን በላው እያልኩ አንድ እግሬን ሳነሣ ሌላው ሰጠመ። እኔ ወደ ፊት ስሄድ ጉልበቴ ወደ ኋላ ቀረ። እንደ ደረቅ እንጨት ቋ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ ስጣራ፣ ከታች ካለው ቤት አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየሮጠች መጣች። ትርንጎ ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል፤ አንድያ ልጇ ባሕር ዳር ሰው ቤት ተቀጥራ ነው የምትኖረው። የሞላ የመሬት ጎረቤት ናት፤ ከእኔ ጋር በመልክ ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። መጀመሪያ ደገፈችኝ፤ መራመድ እንደማልችል ስታይ እንደ ነዶ ተሸክማ ቤቷ አስገባችኝና መደቧ ላይ አስተኛችኝ።

ወጌሻ አስጠራች። ሰውየው ጉልበቴን አሸት አሸት አደረገ፣ እኔን አስጮኸኝ፣ በመጨረሻም በሸምበቆ አስሮ አቆመው። ይህን ጉልበት እስከ መስከረም ያጠፉት እንደሆነ እኔ የለሁበትም ብሎ ሄደ። ለልጄ ተደወለ፤ መንገዱ ትንሽ ጠፈፍ ሲል በቃሬዛ እናወርዳታለን አለ። እስከዚያው ትርንጎ ቤት መሆኔ ነው።

ሕመሙን ቻልኩት። ያልቻልኩት ስግደቱን ነው። ሐምሌ አምስት እየቀረበ፣ የሰው ቀኖና በላዬ ላይ እያለ፣ የተገተረ እግር ይዤ ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ወጣ ስትል ዘዴ ፈጠርኩ፤ በጀርባዬ እንደተኛሁ መቁጠሪያዬን ይዤ ጭንቅላቴን ከትራሱ ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመርኩ። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። ለካ ተመልሳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ምነው እማማ፣ ቁንጫ ነው?" አለችኝ።

የሰው ስግደት እንዳለብኝ ነገርኳት። የማን ነው ስትለኝ የነፍስ ነገር አይነገርም አልኳት፣ ኮራ ብዬ። እሷም አላስጨነቀችኝም። ውኃ ለብ አድርጋ እግሬን እስከ ጉልበቴ አጠበችው፤ በየጣቶቼ መካከል የገባውን ጭቃ አንድ በአንድ አወጣችው። ማታ መደቧን ለእኔ ለቅቃ እሷ መሬት ላይ አጎዛ አንጥፋ ተኛች። እኔ መቀበል የለመድኩ ሰው አይደለሁም። በሰው ቤት ያደርኩ እንደሆነ ጥጥ ፈትዬ፣ ምስር ለቅሜ፣ ብቻ አንድ ነገር አድርጌ ነው የምወጣው። እዚያ ግን እንደ ሕፃን ተኝቼ እጎረሳለሁ። ሲጨንቀኝ፣ በጠዋቱ እንዲህ አልኳት፦

"ትርንጎዬ፣ ጉልበቴ ሲድን ላንቺም እሰግድልሻለሁ። ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ።"

ሳቀች። "የእኔን እኔው እሰግዳለሁ፣ እማማ። እግርዎን ያጠብኩት ጭቃ ስለነካው ነው።"

ሌላ ነገር እናውራ ብዬ ያቺን የእግር መንገድ ማን እንዳረሳት ጠየቅኳት። ሞላ የወንድሜ ልጅ መሆኑን ታውቃለችና ልታልፈው ፈለገች። ከዚያ ግን ነገረችኝ። ሞላ በየዓመቱ፣ ልክ በሰኔ፣ አንዲት ትልም ወደ እሷ ገፍቶ ያርሳል። አንዲት ብቻ። አንዲት ትልም ለማንም አትታይም፤ ከሳሽም ዳኛም አታስነሣም። እንዲህ እያለ ማሳዋ እንደ መቀነት ቀጠነ። ዘንድሮ ደግሞ ያቺን የድንበር መንገድ ጨምሮ ገለበጣት። በእኩል የሚያርስላት ሰው ከትናንት ወዲያ መጥቶ፣ ዳር እስከ ዳር ሄዶ አይቶ፣ እዚህ ላይ በሬ አይዞርም፣ እኔ ዘንድሮ አላርስልሽም ብሏት ሄዷል። ማሳው ካልታረሰ ጤፍ የለም። ጤፍ ከሌለ ቤቱን ዘግታ ባሕር ዳር መውረድ ነው።

"ልጄ ሰው ቤት ናት" አለችኝ። "እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀጥረን ልንኖር ነው እንግዲህ።"

ሽማግሌ አልላክሽም ወይ አልኳት። ልካለች። ሞላ ለሽማግሌዎቹ፣ እኔ ይህን ነገር ንስሐ ገብቼበታለሁ፣ የነፍስ አባቴ ፈትተውኛል፣ እሷ ከእግዚአብሔር ትበልጣለች ወይ ብሎ መለሰላቸው።

"ደግሞ ሲለው ከልቡ ነው፣ እማማ። ፊቱ ያበራል። ሲሰግድ የከረመ ሰው ፊት ነው ያለው።"

ማን ሲሰግድ እንደከረመ የማውቀው እኔ ነኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በሰኔ አንዲት ትልም፣ በሰኔ ያው ቁጥር። እሱ ያርሳል፣ እኔ እየወደቅኩ እየተነሣሁ ከኋላው አስተካክልለታለሁ። ታግሎ ሊጥላት አልቻለም ብዬ ያዘንኩለት ኃጢአት፣ ለካ ታግሏት አያውቅም። ምን በወጣው፣ እኔ እያለሁለት። እግዚአብሔር ይስጣት ጉልበቴን፣ የዘንድሮውን ሳልሰግድለት ቋ አለች።

በሦስተኛው ቀን ሞላ ሊጠይቀኝ መጣ፣ እንደ ልማዱ ስኳሩን ይዞ። ትርንጎ ግባ አለችውና እንስራዋን አንሥታ ውኃ ወረደች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ከድንጋይ ጋር ሲፈትግ ቆየ፤ ቤቱን ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል። ከገባ በኋላ አገላብጦ ሳመኝ፣ እግሬን አየ፣ አዘነ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አክስቴ፣ ከስግደቱ ምን ያህሉን አድርሰው ነበር?" አለኝ።

"አንዱንም።"

አፉን ያዘ። ሐምሌ አምስት ደርሷል፣ ሚስቱ ልብሷን አጥባ አስቀምጣለች። ትንሽ አሰበና፣ "ተቀምጠው በጭንቅላትዎ ብቻ ቢሆንስ? እግዚአብሔር ያለዎትን ሁኔታ ያያል" አለ። ይህን መላ እኔው በእኔው ሞክሬው ስለነበር አልሳቅኩበትም። ቀጥሎ ደግሞ፣ ሐሙሲት ያለችው ልጅዎ ጉልበቷ ደኅና ነው አይደል፣ በስልክ ብንነግራትስ አለኝ።

"ሞላ፣ እኔ የወደቅሁት የት እንደሆነ ነግረውሃል?"

"መንገድ ላይ።"

"መንገድ አልነበረም። ትልም ነበር።"

ፊቱ አልተለወጠም። እሱን ነገር ለአባ ነግሬዋለሁ፣ ቀኖናውም እሱው ነው አለኝ፤ ምንም ዕዳ እንደሌለበት ሰው። እዚህ ላይ እንዳለን ቄስ ምናሉ ጸበል ይዘው ደረሱ። ለእኔ ጸሎት እንዲያደርሱልኝ ትርንጎ ልካባቸው ኖሯል። የእኔም የሞላም የነፍስ አባት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም፤ የነፍስ አባት ናቸውና እኔን አሮጊቷን "ልጄ" ይሉኛል፣ እኔም አቤት እላለሁ።

መስቀሉን ከተሳለምኩ በኋላ፣ ይህን ቀኖና ለባለቤቱ ይመልሱልኝ አልኳቸው። የማንን ቀኖና አሉ። ነገሩን የሰሙት ያኔ ነው። ወደ ሞላ ዞረው፣ ራስህ አልሰገድክም ወይ አሉት። አክስቴ ሰግደውልኛል አለ። ባለፈው ዓመትስ? ያኔም አክስቴ። ከዚያ በፊትስ? ቄስ ምናሉ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉና ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም።

"እንግዲያስ ቀኖናውን አንሥቼልሃለሁ" አሉት።

ሞላ ማመን አቃተው። "ሁሉንም ነው አባ?"

"ሁሉንም። ስግደት ድሮም ዋጋ አልነበረም። ዋጋው አንድ ጊዜ በመስቀል ላይ ተከፍሏል፤ አንተም አክስትህም የምትጨምሩበት የለም። ስገድ ያልኩህ ሰውነትህ ጎንበስ ሲል ልብህም አብሮ ጎንበስ ማለት ይልመድ ብዬ ነው። ልብህን ሱቅ አስቀምጠህ የሰው ጉልበት ላክ አላልኩህም። ቁጥር እየሰጠሁ የሸኘሁህ እኔም ጥፋት አለብኝ።"

"ታዲያ ነጻ ነኝ ማለት ነው?"

"ነጻ ነህ። ነጻ የወጣ ሰው ደግሞ ተመልሶ ወደ ታሰረበት ቤት አይገባም። ምሕረቱ የነጻ ነው፣ ልጄ። ትልሙ ግን የትርንጎ ነው።"

ይህን ጊዜ ነው የሞላ ፊት የተለወጠው። "አባ፣ ስግደቱን እጥፍ ቢያደርጉብኝስ?" አላቸው።

"አክስትህ ጉልበት የላትም።"

"ራሴው እሰግዳለሁ።"

"አንሥቼዋለሁ አልኩህ እኮ።"

በዚህ ዕድሜዬ፣ ምሕረት ተሰጠህ ተብሎ እንደዚያ ያዘነ ሰው አላየሁም። መሬት ለመሬት እየተንከባለለ ደብሩን ዙር ቢሉት ይዞር ነበር። በነጻ ሲሆን ግን ከበደው።

እኔ ደግሞ በልቤ ደስ እያለኝ፣ ይበሉት ይበሉት እያልኩ ነው። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ ልጄ፣ የራስሽን መቼ ነው የምትነግሪኝ?"

"እኔማ ምን አለኝ አባ? የሰውን ስሸከም ነው የኖርኩ።"

"እሱን ነው የምልሽ። ለሰው ሁሉ መሸከም ትወጃለሽ፤ ላንቺ ማንም እንዲሸከምልሽ አትፈቅጂም። ጌታም ቢሆን።"

እግሬን አየሁት፤ ንጹሕ ሆኖ፣ ታስሮ፣ በሰው መደብ ላይ ተዘርግቷል። ያቺ ሴት ስታጥበኝ በምን እከፍላት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ የሰነበትኩት ትዝ አለኝ። ከድንግዝግዝ እስከ ድንግዝግዝ የወደቅኩ የተነሣሁባቸው ዓመታት ሁሉ ለካ እንዲሁ አልነበሩም፤ የማንም ውለታ እንዳይኖርብኝ ነበር፤ የእግዚአብሔርም ጭምር። ትሑት ሰው ነዎት እያለ ሰው ሲያወድሰኝ፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ኩራት ከነጠላዬ ሥር ይዤ እዞር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ነገር ለቄስ ምናሉ ለመናገር አፌን ስከፍት፣ ትርንጎ እንስራዋን አዝላ ገባች።

ሞላ ተነሥቶ ቆመ። ወደ እሷ አላየም፤ ወደ እንስራው ነው የሚያየው።

"እትየ ትርንጎ፣ እስከ ዛሬ የወሰድኩት ስንት ነው?"

መጀመሪያ የሚያስመስል መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በእውነት ጠፍቶበታል። በየዓመቱ ተፈታሁ ብሎ ሲረሳ፣ ቁጥሩን የያዘችው የተበደለችው ሴት ብቻ ሆና ቀርታለች። ትርንጎ እንስራዋን አወረደች፣ ና ላሳይህ አለችው። መደቡ በበሩ ትይዩ ስለሆነ ሁሉንም አየሁት። ከአዲሱ ትልም ጫፍ ተነሥታ ወደ ሞላ ማሳ ገባች፤ ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ቆማ በእግሯ መሬቱን መታ መታ አደረገች። ሞላ እዚያ ድረስ ነው ብሎ አላመነም። ሁለት ሦስት ትልም ይሆናል ብሎ ነበር የሚያስበው። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆየና፣ ሳይሰናበተን ሽቅብ ወጥቶ ሄደ።

ያን ቀን አልተመለሰም። ትርንጎ ዕቃዋን አንድ አንድ እያነሣች በአቁማዳ ስትከት አየኋት።

በነጋታው ገና ሲነጋጋ የበሬ ድምፅ ሰማን። ጅራፍ ጮኸ። የሞላ ድምፅ ነው፤ በሬዎቹን ይቆጣል። ትርንጎ እጇ ያንጠለጠለውን ጣሳ ለቀቀችው።

"ሌላ ሊጨምር ነው" አለች።

በሩ ላይ ወጥታ ቆመች። እኔ መነሣት አልችል፤ ምን ታያለሽ፣ ምን ታያለሽ እላታለሁ። ብዙ ከቆየች በኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ከላይ ነው የጀመረው፤ ትናንት ከቆምኩበት" አለችኝ። ወሰኑን አውጥቶ ድንጋይ እየደረደረ፣ የወሰደውን ሁሉ በእሷ በኩል አርሶ እየለቀቀ ነበር። ያቺንም የእግር መንገድ መልሶ ለቀቃት።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ጨርሶ መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። አልገባም። በሩ ላይ እንደቆመ፣ "ይቅር በይኝ" አላት፣ አንገቱን ሰብሮ።

"ይቅር ካልኩህ ቆየሁ" አለችው። "አምና ለመቁረብ ስዘጋጅ ነው ይቅር ያልኩህ።"

ሞላ ቀና አለ። "ይቅር ብለሽኝ ከነበረ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አረስኩ?" አላት።

"መሬቱ የእኔ ስለሆነ ነዋ።"

ሳቅሁ። ጉልበቴን እያመመኝ ሳቅሁ። ሞላም ቆይቶ ሳቀ፣ ሳይወድ። በእኩል የሚያርሰው ሰው ያን ሳምንት በሬዎቹን ይዞ መጣ፤ ጤፉም በጊዜው ተዘራ።

አንባቢዎቼ፣ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እዚያ መደብ ላይ ተኝቼ የገባኝን ያህል ግን የትም አልገባኝም። ምሕረት በነጻ ነው ሲባል፣ ሰው እንዳሻው ይሁን ማለት ይመስለኝ ነበር። እኔ ራሴ አልነበርኩምን ሞላን እንዳሻው ያደረግሁት? በእኔ ጉልበት የተገዛች ምሕረት በየዓመቱ አንዲት ትልም አስጨመረችው፤ በነጻ የተሰጠችው ግን በአንድ ጠዋት ሁሉንም አስመለሰችው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ቄስ ምናሉን ያስረዱን ብትሏቸው ያስረዷችሁ ይሆናል። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ጉልበቴ በደንብ ሳይታጠፍ ቀረ። ቅዳሴ ላይ ሌላው ሲሰግድ እኔ በመቋሚያዬ ተደግፌ እቆማለሁ። መጀመሪያ አካባቢ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኝ ነበር፤ ምንም ሳይከፍሉ መቆም እንዴት ያለ ከባድ ሥራ ነው። ማረኝ እላለሁ፣ ዝም እላለሁ። የራሴንም ጉድ ለነፍስ አባቴ ነገርኩ፤ ጀምሬ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

መዞሬን አልተውኩም። ሰዎችም አሁንም ይስገዱልን ይሉኛል። መስገድ ትቻለሁ፣ መሄድ ግን እችላለሁ፣ የበደላችሁት ሰው ቤት የት ነው፣ አብሬ ልሂድ እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ጉልበታቸው ይበረታና፣ ግዴለም እማማ ራሳችን እንሰግዳለን ይላሉ። አንዲት የሐሙሲት ሴት ብቻ እሺ አለችኝ። እስከ በሩ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። እዚያ ስትደርስ ፈርታ እኔን ልታስቀድም እጄን ጎተተችኝ። የለም ብዬ ደጅ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ብቻዋን ገባች። ውስጥ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ስትወጣም አልጠየቅኳት። በደሉም የእሷ ነበር፣ ይቅርታውም የእሷ ነው።